አዞ ከዳይኖሰር ዘመን ጀምሮ ሳይለወጥ የኖረ እንስሳ አለመሆኑን ቅሪተ አካላት ያመለክታሉ

በአርባ ምንጭ ከተማ አቅራቢያ በሚገኘው የጫሞ ሐይቅ ዳርቻ፣ «የአዞ ገበያ» ተብሎ በሚጠራው ሥፍራ ፀሐይ ሲሞቁ የሚውሉት ግዙፍ አዞዎች ከዳይኖሰር ዘመን ጀምሮ ሳይለወጡ የኖሩ «ሕያው ቅሪተ አካላት» እንደሆኑ ሲነገር ይሰማል። አባባሉ በዓለም ዙሪያ ከመለመዱ የተነሳ ማስረጃ የሚጠይቅበት ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ባለፉት ጥቂት አሥርተ ዓመታት የተካሄዱ ጥናቶች የሚያመለክቱት ከዚህ የተለየ ታሪክ ነው። የአዞ ወገን በሁለት እግራቸው የሚሮጡ፣ ዕፅዋት የሚመገቡ፣ በደረቅ ምድር የሚያድኑና በውቅያኖስ ውስጥ እንደ ዓሣ የሚዋኙ አባላት የነበሩት ሰፊ ቤተሰብ ሲሆን፣ ዛሬ በወንዞችና በሐይቆች የሚታየው ከዚህ ቤተሰብ የተረፈው አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ኢትዮጵያም ድርሻ አላት። እ.ኤ.አ. በ1938 ጀርመናዊው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ፍሪድሪሽ ፎን ሁነ ከሐረር አካባቢ የተገኘ የመንጋጋ ቁራጭ መርምረው የፕሊዮሰር ነው አሉ። ፕሊዮሰር በጥንት ባሕሮች ውስጥ ይኖር የነበረ፣ እግሮቹ ወደ መቅዘፊያነት የተለወጡ ትልቅ ሥጋ በል ተሳቢ እንስሳ ነው። ተመራማሪው ለአጥንቱ ሲሞለስተስ ኖዋኪያነስ የሚል ሳይንሳዊ ስም ሰጥተውት አለፉ። ከ58 ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1996 ናታሊ ባርዴ እና ስቴፋን ሁዋ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ አጥንት እንደገና መርምረው የአዞ ጥንታዊ ዘመድ የሆነ የባሕር እንስሳ መንጋጋ እንጂ የፕሊዮሰር አለመሆኑን አሳወቁ። አጥንቱ ያው ነበር፤ የተለወጠው ስለ አዞ ወገን የነበረው ዕውቀት ነው።

አዞ በውጫዊ ገጽታው ለአርጃኖና ለእንሽላሊት የሚቀርብ ቢመስልም፣ ዛሬ በሕይወት ካሉ እንስሳት ሁሉ የቅርብ ዘመዱ ወፍ ነው። ወፎችና አዞዎች፣ እንዲሁም ዳይኖሰሮች፣ ሳይንቲስቶች አርኮሰር ብለው ከሚጠሩት አንድ የዘር ግንድ የወጡ ናቸው። ግንዱ ከ250 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ለሁለት ሲከፈል አንደኛው መስመር ወደ ዳይኖሰሮችና ወደ ወፎች፣ ሁለተኛው ደግሞ ወደ አዞዎች አምርቷል። የዝምድናው ምልክት ዛሬም አልጠፋም። የአዞ ልብ እንደ ወፍ ልብ አራት ክፍሎች ያሉት ሲሆን የአብዛኞቹ ተሳቢ እንስሳት ልብ ግን ሦስት ክፍሎች ብቻ አሉት። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሊጌተር ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየውም በሳንባው ውስጥ አየር የሚጓዘው እንደ ወፍ በአንድ አቅጣጫ ነው። አዞ ጎጆ ሠርቶ ዕንቁላሉን ይጠብቃል፤ ጫጩቶቹ ለመፈልፈል ሲቃረቡ በዕንቁላሉ ውስጥ ሆነው ድምፅ ያሰማሉ፤ እናቲቱም ጎጆውን ቆፍራ በመክፈት በአፏ ተሸክማ ወደ ውኃ ታደርሳቸዋለች። እንዲህ ያለው አስተዳደግ ከሁለቱ ወገኖች የጋራ አባት የመጣ ሳይሆን እንደማይቀር ብዙ ተመራማሪዎች ያምናሉ።

አንድ የጥንት አጥንት ከየትኛው መስመር እንደሆነ ለመለየት ከሚያገለግሉት ዋና ዋና ምልክቶች አንዱ የቁርጭምጭሚት መገጣጠሚያ ነው። በአዞ ወገን እግሩ የሚታጠፈው በሁለት የቁርጭምጭሚት አጥንቶች መካከል ባለ መጋጠሚያ ሲሆን፣ ከእነዚህ አንደኛው አጥንት እንደ ካስማ በሌላኛው ጎድጓዳ ክፍል ውስጥ ይገባል። በዳይኖሰሮችና በወፎች ግን ቁርጭምጭሚቱ እንደ ተራ ማጠፊያ በአንድ መስመር የሚታጠፍ ነው። ይህ ጥቃቅን የሚመስል ልዩነት ሳይንቲስቶች ከዚህ ቀደም ዳይኖሰር ይመስሏቸው የነበሩ እንስሳትን ወደ አዞ ወገን እንዲመልሱ ምክንያት ሆኗል።

ከሁሉም የሚጠቀሰው የኤፊጂያ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 እና በ1948 በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ ጎስት ራንች በተባለ ሥፍራ የተቆፈሩ የድንጋይ ብሎኮች በጀሶ ተጠቅልለው ኒው ዮርክ ወደሚገኘው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተወሰዱ። በውስጣቸው በዚያ ሥፍራ በብዛት ከሚገኝ አንድ የታወቀ ትንሽ ዳይኖሰር አጥንት በስተቀር ሌላ ነገር አይኖርም ተብሎ ስለታመነ፣ ከፊሎቹ ሳይከፈቱ ለአሥርተ ዓመታት በመጋዘን ተቀምጠዋል። ስተርሊንግ ኔስቢት የተባሉ ወጣት ተመራማሪ ብሎኮቹን ሲከፍቱ ያገኙት ግን በሁለት እግሩ የሚሄድ፣ ጥርስ የሌለው፣ በምንቃር የሚመገብና ከሩቅ ሲታይ ሰጎን መሰል ዳይኖሰርን የሚያስታውስ እንስሳ ነበር። ቁርጭምጭሚቱ ሲታይ ደግሞ የአዞ ወገን ሆኖ ተገኘ። ኔስቢትና ማርክ ኖሬል እ.ኤ.አ. በ2006 ለዓለም ያስተዋወቁት ይህ እንስሳ ከ200 ሚሊዮን ዓመታት በፊት የኖረ ነው። ሰጎን መሰል ዳይኖሰሮች ተመሳሳይ ቅርጽ ይዘው የመጡት ከእርሱ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በኋላ ነው። በሌላ አነጋገር ቅርጹን ቀድሞ የሞከረው የአዞ ወገን ነበር።

ትራያሲክ ተብሎ በሚጠራውና ከ252 እስከ 201 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ባለው ዘመን የአዞ ወገን ከዳይኖሰሮች ይልቅ በዓይነቱ የበዛ ነበር። አኤቶሰር የሚባሉት አባላቱ ጀርባቸው በአጥንት ሰሌዳ የተሸፈነና አብዛኞቹ ዕፅዋት ይመገቡ የነበሩ ናቸው። በአርጀንቲና የተገኘው ሳውሮሱከስና በአሜሪካ የተገኘው ፖስቶሱከስ ደግሞ እግሮቻቸው ከሆዳቸው ሥር ቀጥ ብለው የቆሙ፣ በየብስ ላይ የሚያድኑ ግዙፍ ሥጋ በሎች ነበሩ። በዚያ ዘመን የነበሩት ዳይኖሰሮች በአብዛኛው ከእነርሱ ያነሱ ስለነበሩ፣ የዘመኑን ምድር የዳይኖሰር ምድር ብሎ መጥራት ከልማድ ያለፈ መሠረት የለውም።

የትራያሲክ ዘመን ማብቂያ ግን ይህን የኃይል ሚዛን ለወጠው። የዛሬዋ አትላንቲክ ውቅያኖስ ከመከፈቷ ጋር ተያይዞ የፈነዳው መጠነ ሰፊ የእሳተ ገሞራ ፍሰት የምድርን አየር ንብረት ያናጋ ሲሆን፣ በዚህም ሳቢያ ከ201 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከአዞ ወገን አብዛኞቹ ከምድረ ገጽ ጠፉ። የተረፉት ግዙፎቹ አልነበሩም። ቀጫጭን ረጃጅም እግሮች የነበሯቸውና አብዛኞቹ ከውሻ ብዙም የማይበልጡ፣ በየብስ ላይ ፈጥነው የሚሮጡ ትናንሽ ዘመዶቻቸው ናቸው የዛሬው አዞ የዘር ግንድ የሆኑት። በዌልስ የተገኘው ተሬስትሪሱከስና በአሪዞና የተገኘው ሄስፐሮሱከስ የዚህ ዓይነት እንስሳት ናቸው። የዛሬው አዞ አጫጭር እግሮችና በውኃ ውስጥ አድፍጦ የመጠበቅ ልማድ እንግዲህ የጥንት ቅርስ ሳይሆን በኋላ የመጣ ነው።

ቀጥሎ በመጣው በጁራሲክ ዘመን ከዚህ ወገን አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ባሕር ገባ። ሜትሪዮሪንከስን የመሳሰሉት አባላቱ የቆዳቸውን የአጥንት ሰሌዳ ጥለው፣ እግሮቻቸው ወደ መቅዘፊያነት ተለውጠው፣ ጅራታቸው መጨረሻ ላይ እንደ ዓሣ ክንፍ አውጥተው በጥልቅ ባሕር ይኖሩ ነበር። ሌሎቹ ደግሞ የአዞነት መልካቸውን እንደያዙ የባሕር ዳርቻን መርጠዋል። በዚያን ጊዜ የዛሬዋ ምሥራቅ ኢትዮጵያ በባሕር የተሸፈነች የነበረች ሲሆን፣ በሐረርጌና በኦጋዴን የሚታየው ወፍራም የኖራ ድንጋይ ንጣፍ የዚያ ባሕር ደለል ነው። ከላይ የተጠቀሰው የሐረር መንጋጋም የዚያው ዘመን ነው። ባለቤቱ ማኪሞሳውረስ ለሚባለው የባሕር ዳርቻ አዳኝ ወገን የሚቀርብ ነው። ማኪሞሳውረስ ደንደን ያሉና ጫፋቸው ዶልዱም የሆኑ ጥርሶች ስለነበሩት ዔሊን የመሳሰሉ ጠንካራ ሽፋን ያላቸውን እንስሳት ይሰብር እንደነበር ይታመናል። የዚሁ ወገን የሆነ ሌላ ትልቅ እንስሳ በቱኒዚያ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ተደርጓል።

በየብስ የቀሩት ቅርንጫፎች ግን ከሁሉም በላይ አስገራሚ የሆኑትን ቅርጾች ያስገኙ ናቸው። በክሬቴሺየስ ዘመን አፍሪካ፣ ደቡብ አሜሪካ፣ ማዳጋስካርና ሕንድ ጎንደዋና ከተባለው ታላቅ አህጉር እየተገነጠሉ በነበሩበት ጊዜ፣ ኖቶሱከስ የተባለው ቡድን አባላት በእነዚህ ሥፍራዎች ተስፋፍተው ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ከማዳጋስካር ይፋ የሆነው ሲሞሱከስ አፈ ሙዙ እንደ ተቆረጠ ያህል አጭር የሆነ፣ ከአንድ ሜትር ብዙም የማይረዝምና በጥርሶቹ ቅርጽ የተነሳ ዕፅዋት ይበላ እንደነበር የሚገመት አዞ ነው። ከታንዛኒያ ሩክዋ አካባቢ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ የሆነው ፓካሱከስ ደግሞ የድመት ያህል መጠን የነበረው ሲሆን ስሙም የወጣው በኪስዋሂሊ ድመት ማለት ከሆነው «ፓካ» ከሚለው ቃል ነው። አብዛኞቹ አዞዎች ጥርሳቸው ለመያዝና ለመቦጨቅ ሲያገለግል፣ ይህ ግን ልክ እንደ አጥቢ እንስሳት የፊት ክራንቻና የሚያላምጥ መንጋጋ ጥርስ ነበረው። ኪጋን ሜልስትረምና ራንዳል ኢርሚስ እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙት የጥርስ ጥናት እንደሚያመለክተው ዕፅዋት የመብላት ጠባይ በአዞ ወገን ውስጥ ቢያንስ 3 ጊዜ ለየብቻው ተፈጥሯል።

በሰፊው የሚታወቁት ግን ግዙፎቹ ናቸው። በኒጀር የቴኔሬ በረሃ፣ ጋዱፋዋ በተባለ ሥፍራ የተገኘው ሳርኮሱከስ እ.ኤ.አ. በ1966 ስም የተሰጠው ሲሆን፣ ፖል ሴሬኖ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባካሄዱት ቁፋሮ በዓለም መገናኛ ብዙኃን ዝነኛ ሆኗል። ርዝመቱ 12 ሜትር እንደሚደርስ ሲነገር ቢቆይም፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ወደ 9 ሜትር ተኩል ገደማ ዝቅ አድርጎታል። በሰሜን አሜሪካ ዳይኖሰሮችን ሳይቀር ያድን የነበረው ዳይኖሱከስም ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞታል፤ የቀድሞዎቹ ግምቶች በየጊዜው ተስተካክለዋል። አንድ የራስ ቅል ብቻ ተይዞ የሚሰላ የሰውነት ርዝመት እንዲህ ያለ ስሕተት የሚያጋጥመው በመሆኑ፣ በየጋዜጣው የሚወጡ የሜትር አኃዞችን በጥንቃቄ መመልከት ይበጃል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ ጥናት ደግሞ ዳይኖሱከስ እንደሚታሰበው የአሊጌተር ቤተሰብ ላይሆን እንደሚችልና ጨዋማ ውኃን መቋቋሙ በሰሜን አሜሪካ መካከል የነበረውን ባሕር ተሻግሮ እንዲስፋፋ እንደረዳው አመልክቷል።

እዚህ ላይ «ያልተለወጠ» የሚለው አባባል ከየት እንደመጣ መመልከት ያስፈልጋል። ጠፍጣፋ የራስ ቅል፣ ረጅም አፈ ሙዝ፣ አጭር እግርና ጠንካራ ጅራት ያለው፣ በውኃ ውስጥ ተደብቆ የሚያደባ አዳኝ በምድር ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ታይቷል። በትራያሲክ ዘመን የነበሩት ፋይቶሰር የተባሉ እንስሳት በቅርጻቸው ቁርጥ አዞ ቢሆኑም የአፍንጫቸው ቀዳዳ በአፈ ሙዛቸው ጫፍ ሳይሆን በዓይናቸው አጠገብ ነበር። ሳርኮሱከስም ቢሆን ከዛሬዎቹ አዞዎች የዘር መስመር ውጭ የሆነ፣ ቅርጹን በራሱ መንገድ ያገኘ ዘመድ ነው። ከአንዱ ዘመን ወደ ሌላው የተላለፈው እንግዲህ እንስሳው ሳይሆን የአኗኗር ዘዴው ነው። የዛሬዎቹ አዞዎች የአከርካሪ አጥንት ኳስና ጎድጓድ የሚመስል መጋጠሚያ ያለው ሲሆን፣ ወደዚህ ቅርጽ ከሚያመሩት እጅግ ጥንታዊ ምስክሮች አንዱ በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነው ኢሲስፎርዲያ ነው።

ከ66 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በዛሬዋ ሜክሲኮ የወደቀው ግዙፍ አስትሮይድ ከወፎች በስተቀር ዳይኖሰሮችን በሙሉ ሲያጠፋ አዞዎች መትረፋቸው ብዙ ጊዜ እንደ ተአምር ይጠቀሳል። ይሁንና የተረፈው ቤተሰቡ ሁሉ አልነበረም። ምግባቸውን ያጠበቡት አብዛኞቹ የየብስ ዝርያዎች ጠፍተዋል። በወንዝና በሐይቅ የሚኖሩት ግን የሚመገቡት የምግብ ሰንሰለት ከዛፍ ቅጠል ይልቅ በበሰበሰ ነገር ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ፀሐይ በአቧራ በተሸፈነችበት ጊዜም ጨርሶ አልተቋረጠባቸውም። ያገኙትን የሚበሉና ያለ ምግብ ለወራት መቆየት የሚችሉ መሆናቸውም ጠቅሟቸዋል። ከዚያ በኋላም ቢሆን ለውጡ አላቆመም። በአውሮፓ ቦቨሪሱከስ የተባለ፣ የጣቱ ጫፍ ሰኮና የሚመስል የየብስ አዞ ኖሯል። በደቡብ አሜሪካ ሰቤከስ የተባለው የየብስ አዳኝ ወገን ለረጅም ዘመን የቀጠለ ሲሆን፣ በአማዞን አካባቢ ፑሩሳውረስ የተባለ ግዙፍ የካይማን ዘመድ ነበር።

በአፍሪካ የአዞዎችን የቅርብ ዘመን ታሪክ በተሻለ የሚተርከው ከኦሞ ሸለቆ እስከ ቱርካና ሐይቅ የተዘረጋው አካባቢ ነው። በኦሞ ደለል ውስጥ ኤውተኮደን የሚባል፣ አፈ ሙዙ እጅግ ቀጭንና ረጅም የሆነ፣ ዓሣ በመብላት የሚታወቅ አዞ ቅሪት ተገኝቷል። ዝርያው ዛሬ የለም። በኬንያ በኩል በቱርካና ተፋሰስ የተገኘውና እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነው ክሮኮዳይለስ ቶርብያርናርሶኒ ደግሞ ከ7 ሜትር ተኩል ሊበልጥ ይችል እንደነበር ተገምቷል። ይህ እንስሳ በአካባቢው ከኖሩት የሰው ልጅ ጥንታዊ ዘመዶች ጋር አንድ ወንዝ ይጠጣ ነበር። በታንዛኒያ ኦልዱቫይ የተገኘውና እ.ኤ.አ. በ2010 ስም የወጣለት ሌላ ዝርያ በግሪክኛ «ሰው በል» የሚል ትርጉም ያለው አንትሮፖፋገስ የተባለው፣ በዚያው ሥፍራ በተገኙ የጥንት ሰዎች አጥንቶች ላይ የአዞ ጥርስ ምልክት በመታየቱ ነው።

የዛሬው የናይል አዞ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የዘረ መል ጥናት የናይል አዞ ተብሎ በአንድ ስም ይጠራ የነበረው ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውንና ምሥራቃዊው ከምዕራብ አፍሪካው ይልቅ ለአሜሪካ አዞዎች እንደሚቀርብ አሳይቷል። ጥናቱ በግብፅ መቃብሮች ከተገኙ የአዞ ሙሚዎች የተወሰደ ናሙናንም ያካተተ ነበር። አዞዎች አትላንቲክን እንዴት ተሻገሩ ለሚለው ጥያቄ ፍንጭ የሰጠው ደግሞ ሌላ የመጋዘን አጥንት ነው። በ1930ዎቹ ከሊቢያ ሳሃቢ ተቆፍሮ በሮም ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም የተቀመጠ የ7 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ ዕድሜ ያለው የራስ ቅል እ.ኤ.አ. በ2020 በኮምፒውተር ራጅ እንደገና ሲመረመር፣ በአሜሪካ አዞዎች አፈ ሙዝ ላይ ብቻ የሚታይ ጉብታ ተገኘበት። ሐረር፣ ኒው ሜክሲኮ፣ ሊቢያ፤ ሦስቱም ቦታ አዲስ ቁፋሮ አላስፈለገም። ቅሪተ አካላትን የሚጠብቁና ለጥበቃው በጀት የሚመድቡ መሥሪያ ቤቶች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል፤ የተመዘገበና በአግባቡ የተቀመጠ አጥንት ዋጋው በተገኘበት ቀን በተሰጠው ስም የሚወሰን አይደለምና።

በእርግጥ «አዞ አዝጋሚ ነው» የሚለው ግምት ፈጽሞ መሠረት የለውም ማለት አይደለም። የአሊጌተርን፣ የጨው ውኃ አዞንና የጋሪያልን ሙሉ የዘረ መል ቅንብር ያነጻጸረ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ዘረ መላቸው ከወፎች ጋር ሲነጻጸር እጅግ በዝግታ እንደሚለወጥ አረጋግጧል። ማክስ ስቶክዴልና ማይክል ቤንተን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት ደግሞ የአዞዎች ለውጥ አካባቢያቸው ሲለወጥ የሚፋጠን፣ ሲረጋጋ የሚቆም፣ ሙቀት ሲጨምርም የሚነቃቃ መሆኑን ገልጸዋል።

በአሁኑ ወቅት በዓለም ላይ በሕይወት ያሉት የአዞ፣ የአሊጌተር፣ የካይማንና የጋሪያል ዝርያዎች ከ25 ጥቂት ቢበልጡ ነው። ከእነዚህም የሕንድና የኔፓሉ ጋሪያል፣ የቻይና አሊጌተር፣ የኩባ አዞና የፊሊፒንስ አዞን ጨምሮ 7 ያህሉ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመድበዋል። የናይል አዞ ከዚህ አደጋ ውጭ ነው። በኢትዮጵያም በአባያና በጫሞ ሐይቆች፣ በኦሞ፣ በባሮ፣ በአዋሽና በሌሎች ወንዞች የሚኖር ሲሆን፣ በአርባ ምንጭ የአዞ እርባታ ጣቢያ ከሐይቆቹ ዳርቻ ዕንቁላልና ጫጩት እየተሰበሰበ ለቆዳ ምርት ሲረባ ቆይቷል። የኢትዮጵያ የናይል አዞ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ሁለተኛ አባሪ ሥር የተመዘገበ በመሆኑ፣ ቆዳው በፈቃድ ለውጭ ገበያ ሊቀርብ ይችላል።

በእነዚህ ጎጆዎች የሚፈለፈለው ጫጩት ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው በዘር ሳይሆን በአሸዋው ሙቀት ነው። የናይል አዞ ዕንቁላል ወደ 32 እና 33 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ሲታቀፍ ወንዶች ይበዛሉ፤ ከዚያ ዝቅ ሲል ደግሞ ሴቶች ይበዛሉ። ልዩነቱ የአንድ ወይም የሁለት ዲግሪ ብቻ ነው። ከሐይቁ ዳርቻ የጥላ ዛፍ ሲቆረጥ ወይም ደለል የአሸዋውን ዳርቻ ሲሸፍን ይህ ሚዛን አብሮ ይናጋል።